ያልተቆረጠው ደን፦ ክርስትና፣ ፍጥረትና መጠነኛ ኑሮ

የተፈጥሮ ጥበቃ በክርስትና ሥነ መለኮት ውስጥ ራሱን የቻለ የክርክር ርእስ ሆኖ የወጣው በሃያኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን፣ ክርክሩን የቆሰቆሰው ደግሞ የመካከለኛውን ዘመን የቴክኖሎጂ ታሪክ ያጠና የነበረ አሜሪካዊ የታሪክ ሊቅ ነበር። ሊን ዋይት የተባለው ይህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1967 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ የምድር መራቆትና የውኃ መበከል ሥሩ ከፋብሪካው ጭስ እጅግ ቀድሞ በሰው አስተሳሰብ ውስጥ መብቀሉን፣ አስተሳሰቡም ሰው ከፍጥረት ሁሉ በላይ ነው፣ ፍጥረትም ለእርሱ መገልገያ ብቻ ተሠራ ከሚለው የምዕራብ ክርስትና አረዳድ የመነጨ መሆኑን ተከራከረ። ጽሑፉ ጥቂት ገጾች ብቻ ቢኖሩትም፣ ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ ከጻፉት የሥነ መለኮት ምሁራን መካከል ለእርሱ መልስ ሳይሰጥ ያለፈ ጥቂት ነው።

መልሱ ብዙውን ጊዜ ከኦሪት ዘፍጥረት ይጀምራል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሰው ምድርን እንዲገዛ ሥልጣን ሲሰጠው፣ በሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ያው ሰው በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት መሆኑ ተነግሯል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥልጣን በሁለተኛው ኃላፊነት ተገድቦ መነበብ አለበት ይላሉ ተከራካሪዎቹ። የሙሴ ሕግም ለዚህ ንባብ ምስክር ሆኖ ይጠራል፤ በየሰባት ዓመቱ እርሻው ሳይታረስ እንዲያርፍ የሚያዝዘው ሥርዓት፣ ከተማ ከብቦ የሚዋጋ ጦር እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆርጥ የሚከለክለው ድንጋጌ፣ መሬት ለዘለዓለም እንዳይሸጥ የሚያግደው ሕግ፣ ሁሉም መሬቱ የሌላ መሆኑን ለባለ ይዞታው የሚያስታውሱ ናቸው። የሰውን ድርሻ ለመግለጽ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች የሚመርጡት መጋቢ የሚለውን ስም ነው፤ መጋቢ ማለት የጌታውን ንብረት ተረክቦ የሚያስተዳድር፣ ለራሱም ከዚያው የሚመገብ፣ በመጨረሻ ግን የሚተሳሰብ ሰው ነው።

ይህ መልስ ትክክል ቢሆንም ቀላል መልስ ነው። ጥቅስን በጥቅስ መመለስ የሰውን ኪስና ማዕድ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል፤ ራሱን መጋቢ ብሎ የሚጠራ ሰውም የጎረቤቱን ያህል ሊያባክን ይችላል። ብዙዎቹ ተቺዎቹ የዘለሉት ደግሞ ዋይት በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያነሣውን ሐሳብ ነው። የችግሩ ሥር ሃይማኖታዊ ከሆነ መድኃኒቱም ከሃይማኖት ውጭ እንደማይገኝ አምኖ፣ ለተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ጠባቂ ቅዱስ እንዲሆን ያቀረበው የአሲዚውን ፍራንቸስኮስን ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ይህንኑ በይፋ ዐወጁ።

ፍራንቸስኮስ ዛሬ በአትክልት ቦታ የሚቆም ሐውልት ሆኖ፣ በትከሻው ላይ ወፍ ተቀምጦ ይታያል። እውነተኛው ሰው ግን ከዚህ ሥዕል ይልቅ ሻካራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1181 ወይም በ1182 ከጨርቅ ነጋዴ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር ተካሶ በጳጳሱ ፊት የለበሰውን ልብስ እንኳ አውልቆ መለሰ፤ ከዚያ በኋላ የመሠረተው ማኅበርም ገንዘብ በእጁ እንዳይነካ የሚከለክል ሥርዓት ነበረው። ስለ ሕይወቱ ከተጻፉት ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ እንደሚለው፣ የከተማው ጳጳስ ይህ ኑሮ እጅግ የከበደ አይደለም ወይ ብለው ሲጠይቁት፣ ንብረት ቢኖረን ንብረቱን የምንጠብቅበት መሣሪያም ያስፈልገን ነበር የሚል መልስ ሰጣቸው። ነጥቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይንና ውኃን እንደ ወንድምና እንደ እኅት ሊጠራ የቻለው አንዳቸውንም የእኔ ለማለት የማይፈልግ ሰው ስለነበረ ነው፤ ድህነቱና ለፍጥረት የነበረው ፍቅር የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች ነበሩ፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መውሰድ የወደደ ሰውም የሚያገኘው ሐውልቱን ነው።

የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ወደዚሁ ሐሳብ የሚደርሱት በምናኔ በኩል ነው። ምናኔ ዓለምን መጥላት ተደርጎ ሲተረጎም ይሰማል፤ የበረሃ አባቶች ግን የሸሹት ዓለምን የሚያግበሰብሰውን ፍላጎት እንጂ እግዚአብሔር መልካም ነው ያለውን ፍጥረት አልነበረም። የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ የነበሩት ዲሜጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1989 በባይዛንታይን አቆጣጠር የቤተ ክርስቲያን አዲስ ዓመት የሚጀምርበትን ሴፕቴምበር 1 ቀን ስለ ፍጥረት የሚጸለይበት ቀን እንዲሆን አወጁ። ተተኪያቸው በርተሎሜዎስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ በሳንታ ባርባራ ከተማ ባደረጉት ንግግር፣ በተፈጥሮ ላይ የሚፈጸም ጥፋት ኃጢአት ተብሎ መጠራት እንዳለበት ተናገሩ። ለዘመናዊ ጆሮ ይህ የቃላት ክርክር ሊመስል ይችላል፤ በኦርቶዶክሳዊ ሥርዓት ግን ኃጢአት ተብሎ የተሰየመ ነገር ንስሓ፣ ጾምና ካሣ ይከተለዋል፤ በመሆኑም ጉዳዩ ከመንግሥት ፖሊሲ መስክ ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ ሰው የንስሓ አባት ይመጣል ማለት ነው።

ምናኔ የሌላቸው ፕሮቴስታንቶችም ዘግይተው ቢሆን ወደ ተቀራራቢ ቦታ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 በስዊዘርላንድ ሎዛን የተሰበሰቡ የወንጌላውያን መሪዎች ባወጡት ቃል ኪዳን፣ በሀብታም አገር የሚኖሩ አማኞች ኑሯቸውን ቀለል የማድረግ ግዴታ እንዳለባቸው ተቀበሉ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ ሆድስደን በተካሄደው ጉባኤም ይህ ግዴታ በገቢ፣ በቤት፣ በልብስና በስጦታ ረገድ ምን ማለት እንደሆነ ዘርዘር አድርገው ጻፉ። ከሐሳቡ ግንባር ቀደም መሪዎች አንዱ የነበረው እንግሊዛዊው ቄስ ጆን ስቶት ወፎችን በመመልከት የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ከመጻሕፍቱ የሚያገኘውን ገቢ ለድሀ አገሮች አገልጋዮች ትምህርት ይሰጥ ነበር። ሆኖም የሎዛን ቃል ኪዳን በኋላ ገንኖ ከወጣው የብልጽግና ወንጌል ጋር፣ ማለትም ሀብትን የእምነት ፍሬና ማረጋገጫ አድርጎ ከሚሰብከው ትምህርት ጋር፣ እኩል ተሰምቷል ለማለት አይቻልም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2015 የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስን «ላውዳቶ ሲ» የተሰኘ መልእክት አወጣች፤ መልእክቱ ስሙን ያገኘው ከአሲዚው ፍራንቸስኮስ መዝሙር ሲሆን፣ የምድር ጩኸትና የድሆች ጩኸት ተለያይተው ሊሰሙ እንደማይችሉ፣ አዲስ መሣሪያ መፈልሰፍ ብቻውንም ተጠቅሞ የመጣልን ልማድ እንደማይፈውስ ያስተምራል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከእነዚህ ጉባኤዎች በአንዱም መሪ ድርሻ አልነበራትም፤ በጉዳዩ ላይ ያላት ሀብት ግን ከሁሉም ዕድሜ ጠገብ ነው ማለት ይቻላል። ሥነ ፍጥረትን የሚያስተምረው ትምህርቷ በስድስቱ ቀናት የተፈጠሩትን ሃያ ሁለት ፍጥረታት አንድ በአንድ የሚቆጥር ሲሆን፣ ይህ ቁጥር የተገኘው በቀኖናዋ ውስጥ ከሚገኘው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ነው። የዓመቱ የመዝሙርና የንባብ ሥርዓትም በአየር ጠባይ የተከፋፈለ ነው። ዘመነ ክረምት ራሱ ንዑሳን ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ስለ ዘርና ስለ ደመና፣ ሌላው ስለ መብረቅ፣ ስለ ነጎድጓድ፣ ስለ ባሕርና ስለ ወንዞች የሚዘመርበት ነው፤ በነሐሴ ወር ደግሞ እጓለ ቋዓት የሚባል ክፍል ይመጣል። እጓለ ቋዓት የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። የገበሬው ጎተራ በሚጎድልበት፣ አዲሱ እህል ገና ባልደረሰበት ወቅት፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለማንም የማይጠቅሙ የሚመስሉት የቁራ ልጆች እንኳ መጋቢ እንዳላቸው እያሰበች ትዘምራለች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው ዘመነ ጽጌም ማሕሌቱን በአበባ ምሳሌ ላይ የመሠረተ ነው።

በዚህ ላይ ጾሙ ይጨመራል። ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ ወደ 250 ቀን ገደማ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል እንዲከለከሉ ሥርዓቱ ያዝዛል። የጾም ዓላማ የግጦሽ መሬትን ማዳን አልነበረም፣ እንደዚያ ብሎ የሚያስተምር አባትም የለም፤ ዓላማው ሥጋን ለነፍስ ማስገዛትና የተረፈውን ለድሀ መስጠት ነው። ይሁንና የዓመቱን ግማሽ ያህል ጊዜ ማግኘት እየቻለ የሚተው ሕዝብ፣ የአካባቢ ጥበቃ ሰባኪዎች በሌላው ዓለም ለማስለመድ የሚደክሙበትን ነገር ከልጅነቱ ተምሮታል። በከተማ የጾም ምግብ ዝርዝር ከፍስኩ የረዘመ ምግብ ቤት መኖሩ ትምህርቱ የቱ ጋ እንደሚላላ ያሳያል፤ ዋልድባን በመሳሰሉ ገዳማት ግን እህል የማይቀምሱት መነኮሳት ቋርፍ በሚባለው ምግብ ብቻ መኖራቸው ተዐቅቦ እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ያመለክታል።

የዚህ ሁሉ ትምህርት ፍሬ በዐይን የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ባሉት ደኖች ነው። በጎንደር፣ በጎጃምና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች የቀድሞው የተፈጥሮ ደን አብዛኛው ወደ እርሻና ወደ ግጦሽ ተለውጦ ሲያልቅ፣ በየኮረብታው ክብ ሆኖ የቀረው ጥቁር አረንጓዴ ቁራጭ መካከሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን የቆመበት ነው። በውስጡ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ጥቁር እንጨትና ዶቅማ ይገኛሉ፤ ከፍ ባለው ደጋ ኮሶም ይታያል። «እመጓ» በተሰኘው መጽሐፉ በብዙ አንባቢ ዘንድ የሚታወቀው የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ በኔዘርላንድስ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ላጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ ባደረገው ቆጠራ 168 የእንጨትነት ጠባይ ያላቸው የዕፅዋት ዓይነቶችን መዝግቧል። ከደኖቹ ትንሹ ሁለት ሄክታር እንኳ አይሞላም ነበር።

እነዚህን ደኖች ያቆያቸው የደን ሕግ አይደለም። ምእመናኑ ዐጸዱን የሚያዩት እንደ ቤተ መቅደሱ ልብስ፣ ደግሞም እንደ ገነት አምሳያ ነው፤ ታቦት ባለበት ስፍራ ያለ ዛፍ ያለ በረከት አይነካም። የደረቀ ቅርንጫፍ ለመቅደሱ አገልግሎት ወይም ለዝክር ማብሰያ ሊወሰድ ይችላል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ ለቤቱ ማገር የሚቆርጥ ሰው ግን ከቄሶቹ ወቀሳ በፊት የጎረቤቶቹን ዐይን ይፈራል። የቅኔና የዜማ ተማሪዎች በዛፎቹ ሥር ጎጆ ቀልሰው ይማራሉ፣ ባሕታውያን በውስጡ ይሰወራሉ፣ ሙታን በጥላው ያርፋሉ። በሥነ ምህዳር ቋንቋ ሲነገር ደግሞ ደኑ ለአካባቢው እርሻ የሚጠቅሙ ንቦችና ሌሎች አበባ አዳቃይ ነፍሳት መጠለያ፣ የምንጭ ጠባቂ፣ የዘር ጎተራም ነው። ትውልዶች ይህን ጥቅም ሁሉ ሳይዘረዝሩ ደኑን ጠብቀዋል፤ ምክንያቱም የተማሩት አንድ ነገር ብቻ፣ ማለትም በዚህ ቅጥር ውስጥ ያለው ለእናንተ አይደለም የሚለውን ነበር።

ተመራማሪዎቹ የደረሱበት አሳሳቢ ነገር ግን ደኑ ከውጭ ሲታይ ቆሞ ሳለ ከውስጥ ሊያረጅ መቻሉ ነው። አብዛኞቹ የአገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ አይቆይም፤ ስለዚህ ትልልቆቹ እናት ዛፎች ከወደቁ ከአፈሩ ውስጥ ተነሥቶ የሚተካቸው ክምችት የለም። ዘሩ በቅሎ ችግኝ ቢሆንም እንኳ ከብት ይረግጠዋል ወይም ይግጠዋል፤ የዓለማየሁ ዋሴና የባልደረቦቹ ሙከራ እንዳሳየው ከብት እንዳይገባ በታጠረው ክፍል የችግኞቹ የመትረፍ ዕድል ከፍ ይላል። ሌላው አደጋ የደኑ ትንሽነት ነው። ትንሽ ደን ከመካከሉ ይልቅ ዳርቻው ይበዛል፤ በዳርቻው በኩል ፀሐይና ደረቅ ነፋስ እየገቡ ጥላ የለመዱትን ዝርያዎች ያመነምናሉ። በጣልያን ወረራ ዘመን የተነሡትን የአየር ፎቶግራፎች ከቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስል ጋር ያነጻጸሩ አጥኚዎች ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ፤ በደቡብ ጎንደር የብዙዎቹ ደኖች ስፋት በአመዛኙ እንዳለ ቆይቷል፣ አንዳንዱም ጨምሯል። የጨመረው ግን በዳር በተተከለ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቀድሞ በዙሪያው የነበረው ቁጥቋጦም ጠፍቶ ደኑ በእርሻ መካከል ብቻውን ቀርቷል።

ባሕር ዛፉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ለምን መጣ ቢባል፣ መልሱ ከመሬት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያኒቱ ካህናቷን ትቀልብበት የነበረውን መሬት ወደ መንግሥት ሲያዞር፣ አጥቢያዎቹ ለመጠገኛና ለአገልጋይ ደመወዝ የሚሆን ሌላ ገቢ መፈለግ ነበረባቸው፤ በጥቂት ዓመት ለሽያጭ የሚደርስ፣ ተቆርጦም መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ከዚህ የተሻለ አላገኙም። እዚህ ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም። ስለ መጠነኛ ኑሮ የሚጽፉ ምዕራባውያን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ለተረፈው ሰው ነው፤ ትርፍ የሌለውን ሰው ቀለል አድርገህ ኑር ማለት ግን ስላቅ ነው። ማገዶ አጥታ ለመሬቱ ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባውን ኩበት የምታነድ እናት ያለባት ጉድለት የተዐቅቦ አይደለም፤ ምናኔ በፈቃድ የሚገባበት ነው፣ ችጋር ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ይመጣል፣ ከመጣም በኋላ ሰውንና አፈሩን አብሮ ያደኸያል። ለእርሷ ደኑን የሚያድንላት ስብከት ሳይሆን ሌላ የማገዶ ምንጭ ነው፤ በዚህ ረገድ በዳር የተተከለው ባሕር ዛፍ፣ ውኃ ይመጥጣል እየተባለ ቢወቀስም፣ ወይራውን ከመጥረቢያ ያተረፈበት ጊዜ አይጠፋም።

ስብከቱ በትክክል የሚመለከተው ሌላውን ወገን ነው። ዛሬ በብዙ አጥቢያዎች ደኑን የሚያጠበው እጦት ብቻ አይደለም፤ መትረፍረፍም ነው። በሣር ክዳንና በጭቃ የተሠራው ክብ ቤተ ክርስቲያን በሰፊ የኮንክሪት ሕንፃ ይተካል፤ ለሕንፃው፣ ለአዳራሹ፣ ለዕቃ ቤቱና ለመኪና መግቢያው ቦታ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠረገው የዛፉ ቦታ ነው። ባለጸጋ ቤተሰብ ለሟቹ በእብነ በረድ የተለበጠ መቃብር ያሠራል፤ በዙሪያው ያሉት ሥሮች ይቆረጣሉ። ከከተማ ነጋዴዎችና በውጭ አገር ከሚኖሩ ምእመናን የሚዋጣው ገንዘብ በቅን ልብ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ስጦታው ሕንፃ ሆኖ ካልታየ በቀር እንደ ስጦታ አይቆጠርም የሚል ልማድ ሥር ሰዷል። ባሕታዊው በዛፍ ሥር የተቀመጠበት ሃይማኖት ዛፉን በሰጪው ስም ለሚጠራ አዳራሽ ሲለውጠው፣ ሊን ዋይት በምዕራቡ ላይ ያቀረበው ክስ ወደ ምሥራቁም ደጅ ይደርሳል።

በሌላ በኩል ያለው ሙከራ ወጪው አነስተኛ ነው። ዓለማየሁ ዋሴና የዛፍ አናት ሥነ ምህዳር ተመራማሪ የሆነችው አሜሪካዊት ማርጋሬት ላውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በተወሰኑ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩን ገበሬዎቹ ከእርሻቸው ላይ እየለቀሙ ያመጡታል፤ በዚህም ማሳው ለሞፈር ይቀልላል፣ ከብቱም ከካቡ ውጭ ይቀራል። ካቡ አሁን ካለው የደን ጠርዝ ጥቂት ሜትሮች ወጣ ብሎ ሲሠራ ደግሞ በመካከሉ ለሚቀረው ባዶ መሬት ችግኝ የሚበቅልበት ዕድል ይፈጠራል። ካቡ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ለግጦሽ የለመደውን መሬት ማን እንደሚለቅ፣ ከሚቀጥለው ዓመት ገንዘብም ለሕንፃው ስንት፣ ለካቡ ስንት እንደሚመደብ መወሰን ግን የተመራማሪ ሥራ አይደለም። ይህ የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ጉዳይ ነው፤ በየጉባኤው ጠረጴዛ ላይም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚቀርበው የሕንፃው ንድፍ ነው።